አራቱም አሉ፦ የጎባው መካኒክ የአቶ ቱፋ ባዳሳ የሕይወት ታሪክ

አቶ ቱፋ ባዳሳ ከአባታቸው ከአቶ ባዳሳ ገመዳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዳቢሴ ሮባ በ1924 ዓ.ም. ሲናና ተወለዱ። እናታቸው ያወሩ እንደነበረው፣ ገና በልጅነታቸው ገብሱ ሳይታጨድ በረዶ ይመጣል ብለው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ይውሉ ነበር። ይህ ስጋት እስከ መጨረሻው አልተለያቸውም፤ እኛም ቤተሰባቸው ስንቀልድባቸው ኖረናል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ጎባ አጎታቸው ዘንድ ተቀምጠው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ፤ ቀጥሎም በመንገድ ሥራ ጋራዥ በረዳትነት ተቀጥረው ሙያውን ለመዱ። በ1950 ዓ.ም. ከወ/ሮ ማናልበሽ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው አራት ልጆች አፈሩ። በ1961 ዓ.ም. የራሳቸውን ጋራዥ ከፈቱ። የጠገኑትን መኪና ሲሸኙ ከመሰነባበት ይልቅ ፍሬኑን ደግሞ ማየት ይቀናቸው ነበር።

በ1972 ዓ.ም. የገጠማቸውን ብንዘል ታሪካቸው ጎዶሎ ይሆናል። በደሎ መና መስመር ሕሙማን የምታመላልስ አሮጌ ላንድሮቨር ሞተሯ ተበልቶ ወደ እሳቸው መጣች። ሲሊንደሮቿ በቶርኖ ቤት ተፍቀው ሰፉ፤ አንዴ የሰፋ ደግሞ አይጠብምና በልኩ ተለቅ ያሉ ፒስተኖች ከአዲስ አበባ ታዘዙ። ከአራቱ ሦስቱ ደኅና ሲደርሱ አራተኛው ተሰንጥቆ መጣ። በዚህ መሃል አንድ ጓድ ጋራዡ ድረስ መጥተው፣ መኪናዋ ሳነቴ ተራራ ላይ ብትቆም ነገሩ አሻጥር ተብሎ እንደሚያዝ ነገሯቸው። ይህ ቃል ምን እንደሚያስከትል እዚህ የቆመ ሁሉ ያውቃል።

አቶ ቱፋ ሮቤ ወርደው ከአቶ ማሜ የመለዋወጫ ሱቅ ሁለት ፒስተኖች አገኙ። አንዱ ክብደቱ ከሦስቱ እኩል ሆኖ ወርዱ ጠበበ፤ ሌላው ወርዱ ልክ ሆኖ ክብደቱ በለጠ። የጠበበው ዘይት ያስበላል፣ የከበደው ሞተሩን እያንቀጠቀጠ ይሰብራል። አንዱን አንስተው ሌላውን ሲያስቀምጡ ሱቁ ሊዘጋ ደረሰ። በመጨረሻ “የጎደለ አይሞላም፣ የተረፈ ግን ይፋቃል” ብለው የከበደውን መረጡ። ወርቅ ሠሪው አቶ ከማለዲን ዘንድ ሄደውም ሚዛን ለመኑ። ከውስጥ በኩል ጥቂት ፍቀው ይመዝናሉ፣ ደግሞ ይፍቃሉ። ትንሽ ቢያበዙ ፒስተኑም ጠፋ፣ እሳቸውም ጠፉ። አቶ ከማለዲን ይህን አይተው “አብሽር ቱፋ! ለሙሽራ ወርቅ እንኳ እንዲህ አልመዘንኩም” እንዳሏቸው ዛሬም ያስታውሳሉ።

ሞተሩ ሲነሳ ጆሯቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩና “አፍራኑ ጂሩ” አሉ፤ አራቱም አሉ ማለታቸው ነው። ያም ሆኖ ቤት ተቀምጠው መጠበቅ ስላልቻሉ ከሾፌሩ ጎን ተሳፍረው ሄዱ። ላንድሮቨሯ ሳነቴን ተሻገረች፤ እኚያ ጓድም ተመልሰው አልመጡም።

የባሰው ጭንቀት የመጣው በ1979 ዓ.ም. የመጨረሻ ልጃቸው ኢታና ለብሔራዊ ውትድርና ወደ ሰሜን ሲሄድ ነው። ከ1980 ዓ.ም. መጋቢት ወዲህ ወሬው ጠፋ። አቶ ቱፋ ከሰሜን የተመለሰ ወታደር ጎባ ገባ ሲባል የያዙትን መፍቻ ጥለው ይሄዱ ነበር። ወሬ ሳያገኙ ሲመለሱ ያንኑ መፍቻ አንስተው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር።

ባሳለፍነው ሳምንት ደሎ መና እህታቸውን ሊጠይቁ በሄዱበት የቆየ የልብ ሕመማቸው ጸናባቸው። ወደ ጎባ ሆስፒታል ይዛቸው የተነሳችው ያቺው ላንድሮቨር ነበረች። ሳነቴ ላይ ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ራሳቸውን ወ/ሮ ማናልበሽ እንደደገፉላቸው፣ ዓይናቸውን ገልጠው “አፍራኑ ጂሩ” አሉ። ሾፌሩ ስለ ሞተሩ መስሎት “አዎ አባባ፣ አራቱም አሉ” አላቸው። ወ/ሮ ማናልበሽ ግን የተናገሩት ስለ ልጆቻቸው ነው ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም፤ ሰኔ 3 ቀን 1982 ዓ.ም. በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከዘመድ አንዱ፣ ከኢታና ስም ጎን ምን ተብሎ ይጻፍ ብሎ ጠይቆ ነበር። ወ/ሮ ማናልበሽ ምንም እንዳይጨመር አዘዋል። ስለዚህ አቶ ቱፋ ባዳሳ ባለቤታቸውንና በሕይወት ያሉ አራት ልጆቻቸውን፣ አሰፋሽን፣ ለሜሳን፣ ሎሚንና ኢታናን ትተው አልፈዋል።

ስትሰጋ የኖረችውን ነፍሳቸውን እግዚአብሔር ስጋት በሌለበት ያሳርፍልን፤ የመጨረሻ ቃላቸውንም እውነት ያድርግልን። አሜን።