ሎሚን ለማያውቀው አዲስ ፕሮግራም

ለተከበሩ ጓድ የዋናው መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ
አዲስ አበባ

የተከበሩ ጓድ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ባለቤትዎ፣ በተለይም ልጆችዎ፣ በየስማቸው ሲጠሩ አቤት እያሉ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛም የናዝሬት ሰዎች፣ ከሙቀቱና ከአቧራው በቀር ምንም አልጎደለብንም፤ የጎደለብንንም ከዚህ በታች በትሕትና እገልጻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አስተሻሸግዎ አመሰግናለሁ። ካርቶኑ በሲባጎ ታስሮ፣ ማኅተም ተመትቶበት በባቡር ሲደርስ፣ አፈላላጊ ቢሮው በር ላይ ቆመን ያየን ሁሉ ሙሽራ የመጣች ነው የመሰለን። ደብዳቤዬን ሌላ ሰው ቢያነበው እንዲገባው ያህል፣ የጠፉ ቤተሰቦችን የሚያገናኘው የቢሯችን ኮምፒዩተር ያለ ዲስኬት ባዶ ሳጥን ነው፤ የሚያስበውም የሚያስታውሰውም ከእርስዎ ዘንድ ታሽጎ በሚላክለት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ሲለወጥ ጭንቅላቱ ተለወጠ ማለት ነው። ከካርቶኑ ጋር የመጣው መመሪያም ግልጽ ነበር፦ ለሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት ነው፣ ምንም አትንኩ፣ አሮጌዎቹን ዲስኬቶች ባመጣው ሰው እጅ መልሱ።

ሁለተኛ፣ ስለ መርዳሳ ነው። ይህ የቢሯችን ሠራተኛ በድሮው ፕሮግራም ላይ ሳይፈቀድለት አንዲት ቦታ ጨምሮ ነበር፦ የቤት ስም። እርስዎ አዲስ አበባ ሆነው ላይታይዎት ይችላል እንጂ በእኛ አገር አባት ለልጁ ያወጣው ስም አንድ ነው፣ ቤት ውስጥ የምትጠራበት ሌላ ነው፤ ሕፃን ልጅ ደግሞ የምታውቀው የሚጠሯትን ብቻ ነው። አዲሱ ፕሮግራም ከድሮው ላይ ስሞቹን ሲረከብ፣ ለቤት ስም ቦታ ስላልነበረው የቤት ስሞቹን በሙሉ ጣላቸው። መርዳሳ ይቺን አንዲት ቦታ እባካችሁ መልሱልን ብሎ ቢለምን፣ በሚቀጥለው እትም ይታያል ተባለ፤ እሱም የታሸገ ዕቃ በመነካካቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። እንዲህ ያለውን የሥራ ዲሲፕሊን ማድነቅ ይገባል።

ሦስተኛው ይከብደኛል፣ ይታገሡኝ።

ወይዘሮ ቡዜ ገበያችን ውስጥ ሽንኩርት የምትሸጥ የሁሩታ ሴት ናት። በዚያ ክፉ ዓመት ተሰዳ ስትመጣ፣ በእህል መኪናዎቹ ግርግር መካከል ትንሿ ልጇ ከእጇ ጠፋች። አባቷ ያወጣላት ስም ደራርቱ ነው፤ ቤት ግን ሎሚ እንጂ ደራርቱ ያላት ሰው የለም። ቡዜም ሁለቱንም ስም አስመዝግባ፣ ሽንኩርቷን ሸጣ ስትጨርስ ዘንቢሏን ይዛ ቢሮው በር ላይ መቀመጥ ልማዷ ሆነ። ዘበኛው ሳይቀር ወንበሩን ይለቅላታል።

ካርቶንዎ ከደረሰ በኋላ፣ ከአርሲ ነገሌ አንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ስልክ ደወለ። ሊዘጋ ነውና ፈላጊ ያላቸውን ልጆች ለይተው ማወቅ ይፈልጋሉ። የእህል ነጋዴዎች ከናዝሬት አሳፍረው ያመጧት አንዲት ልጅ አለች፤ ስሟን ቢጠይቋት ሎሚ ትላለች፣ የእናቷን ቢጠይቋት «አዮ» ትላለች፣ እማዬ ማለቷ ነው፣ ከዚያ ሌላ አታውቅም። በመርዳሳ ቦታ የተተካችው ሙሉብርሃን ሎሚ ብላ መታች። ማሽኑም በደንቡ መሠረት የለችም አለ። እሷም የለችም አለች። ማሳደጊያው ልጅቷን ፈላጊ የሌላት ብሎ ከሌሎቹ ጋር በመኪና ጫናት።

ይህን የነገረችኝ ራሷ ሙሉብርሃን ናት። ቡዜ አንድ ቀን ስለ ልጇ ስታወራት «ሎሚዬ» ስትል፣ ሙሉብርሃን ያ ስልክ ትዝ አላት። ወዲያው አርሲ ነገሌ ደወለች። ስልኩን ያነሱት የቀሩት ሞግዚት፣ ልጆቹ በየማሳደጊያው ተከፋፍለዋል፣ የትኛዋ የት እንደደረሰች እኛም አናውቅም አሏት። ሙሉብርሃን ስልኩን ዘግታ ሁሉንም ለቡዜ እያለቀሰች አስረዳቻት። ቡዜ ግን አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ተናገረች አሉ፦

«የለችም ስትያቸው፣ እኔ እኮ እዚህ በሩ ላይ ነበርኩ።»

ጓድ ሆይ፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር በየትኛው ዲስኬት ላይ እንደምናስቀምጣት ቢመሩን። አሮጌዎቹ ላይ እንዳንል፣ ለሌላ ሥራ ስለሚፈለጉ ተደምስሰዋል ብለው መልሰውልናል፤ ለቁጠባዎም ምስጋናዬ አይለይዎ።

ለሁሉም ቅርንጫፍ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ማኅተሙ ያልተነካ ጥልቅ አክብሮቴን እያቀረብኩ፣ ቤትዎ በልጆችዎ ድምፅ የተሞላ እንዲሆን እመኛለሁ።

አበዛሽ ገብረወልድ
ናዝሬት፣ ከእህል ገበያው ጀርባ

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት ሳላደርሰው ሌላ ካርቶን መጣልን። የቤት ስም ቦታ ተከፍቶበታል፤ እጅዎ ይባረክ። መጀመሪያ ገብታ ያስመዘገበችው ቡዜ ናት፤ ማሽኑ አሁን ሎሚን አሳምሮ ያውቃታል። ሞግዚቷ እንደሚሉት ግን የተዛወሩት ልጆች በየሄዱበት አዲስ ስም ይወጣላቸዋል። እንግዲህ በሚቀጥለው እትም ቢመልሱልን የምንወደው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶናል፦ ሎሚ ብለው ቢጠሯት፣ ዛሬም ዞር ትል ይሆን?