ዝግ ስታዲየሙን እንጨት ስናለብሰው

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእታለም ሠርኬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ያ የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽ ካሳስ ደህና ነው? ልጆቹስ አደጉ? እኛ፣ ለመድኃኔ ዓለም ምስጋና ይድረሰውና፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። አባባም ጉልበታቸው ቢያስቸግራቸውም ተክለ ሃይማኖት ደርሰው ይመለሳሉ። ጆሯቸው ግን ብሶባቸዋል። ስትደውዪ "እሺ፣ እሺ" ብቻ የሚሉሽ ስለማይሰሙሽ ነው፤ የተቀየሙሽ እንዳይመስልሽ።

ዛሬ የምጽፍልሽ በስልክ የማይነገር ነገር ገጥሞኝ ነው። አንቺ መረብ ኳስ ትጫወቺበት የነበረው ዝግ ስታዲየም እየታደሰ ነው ብዬሽ አልነበር? ግድግዳውን የማልበሱ ሥራ ለእኛ ደረሰን፤ ለእኔና ሶማሌ ተራ ጀርባ እንጨት ቤት ላለው አሠሪዬ ለጃፋር። የምንገጥመው ሰሌዳ ከቀጫጭን እንጨት የተደረደረ ነው፤ በእንጨቶቹ መሀል ክፍተት አለ፣ ከጀርባው ደግሞ ወፍራም ሱፍ። ጩኸት በክፍተቱ ይገባና እዚያው ሱፉ ውስጥ ይቀራል እንጂ ተመልሶ አይመጣም።

ይህንኑ ለአባባ ጮክ ብዬ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። "የእናትህን እልልታ ሲቀበል የኖረ ግድግዳ ነው። ልታፍነው ነው?" አሉኝ። ታስታውሺ የለ? አንቺ ኳሱን ስትመቺ እማዬ ከላይኛው ደረጃ ብድግ ብላ እልል ስትል፣ ድምፁ ጣሪያውን ዞሮ እሷ ከተቀመጠች በኋላ እንኳ ይሰማ ነበር። የተጋጣሚሽ ደጋፊዎች "ይቺ ልጅ ስንት እናት ነው ያላት?" ይሉ ነበር። እማዬ ካረፈች ወዲህ አባባ አንድ ሁለቴ ሄደው፣ ከሚያስተጋባው ጫጫታ ውስጥ የሚለዩት ቃል ቢያጡ ተዉት። እኔም ሰሌዳ ባነሳሁ ቁጥር ቃላቸው እጄን ይይዘው ጀመር። ለጃፋር ባዋየው ድሪሉን አስቀምጦ "ሲያልቅ አምጣቸውና ራሳቸው ይፍረዱ" አለኝ።

ባለፈው እሁድ የመጀመሪያው ጨዋታ ነበር፣ የሴቶች መረብ ኳስ። አባባ አሻፈረኝ አሉ። ጃፋር ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ "ጋሼ ሀብተ ወልድ፣ ሥራችንን ይዩልን እንጂ" ቢላቸው አፍረው ተነሱ። እማዬ ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ላይ አስቀመጥናቸው።

ጨዋታው እንደተጀመረ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡ ጀመር። ድንገት ክንዴን ጨበጡኝ። "ያችኛዋ 'ልቀቂው፣ የኔ ነው!' አለች፤ አይደል?" አሉኝ። ብላለች፣ እታለም! ከስንት ዘመን በኋላ የሰው ቃል ለይተው ሰሙ። ቀጥሎ ከኋላችን የአንዷ ተጫዋች እናት እልል አለች። እልልታው ጥርት ብሎ መጣና ወዲያው ቆመ። አባባ ትንሽ ጠበቁ፤ እንደ ድሮው ዞሮ እስኪመጣ መሰለኝ። አልመጣም። እንባቸው ወረደ፤ እኔም ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ስንመለስ ዱባይ ተራ ላይ፣ ግርግሩ መሀል ቆም አሉና "እስከ ዛሬ እዚያ የምፈልገው እሷን ነበር። እሷ የለችም። ልጆቹን ግን ሰማኋቸው፤ እሁድ ደግሞ እንሄዳለን" አሉኝ።

ካሳን እጅ ነስቼዋለሁ በዪልኝ። ፍቅርአዲስን ጉንጯን፣ ትንሹን መስፍንን ግንባሩን ሳሚልኝ። ባለቤቴ ሐመልማል ናፍቆቷ ከእኔ ይብሳል፤ ጃፋርም ሳያውቅሽ ሰላም ብሎሻል። አባባ "እጅሽ አይንጠፍ፣ በረከት ይግባልሽ" ብለው መርቀውሻል።

ወንድምሽ ውብሸት ሀብተ ወልድ
መርካቶ፣ አዲስ ከተማ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.