የራዲያተሩ ውሃ

ሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 1975፣ ከንጋቱ 11፡30
ጉለሌ። ስንቁ ተቋጥሯል። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ አሰብ ላለችው አራሷ ልጄ የተነጠረ ቅቤ። የቀበሌው የይለፍ ወረቀት ለአሥር ቀን ብቻ። የምንሄደው የሟች እህቴ ልጅ አሰፋ በሚነዳው የጭነት መኪና ነው። ጎረቤቴ ወ/ሮ ዘይነባም፣ ባለሱቋ፣ አሰብ ያለውን ወንድሟን ልትጠይቅ አብራን ትወጣለች። እንጦጦ ላይ ጭጋግ። ሁለት ጋቢ ደርቤአለሁ። አሰፋ ነገ ይጥሉታል ብሎ ይስቃል።

ማክሰኞ፣ ጥር 17፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ከሚሌ ወዲያ። ጋቢዎቹን ጥያለሁ። ጥቁር ድንጋይ፣ አሸዋ፤ ዛፍ የለም። ከመኪናው ጎን ሸራ ወጥረን እዚሁ እናድራለን። ሳህኖቹን ሁለቴ አጠብኩ። ዘይነባ አንዴ ይበቃል ትላለች። አይበቃም። እኔ በተማርኩበት በሲስተሮቹ ት/ቤት ያልጠራ ዕቃ ጠረጴዛ ላይ አይወጣም ነበር።

ረቡዕ፣ ጥር 18፣ ጧት 12፡30
አሰፋ ተኝቷል። ዘይነባ ትሰግዳለች። ከጋቢናው ኋላ አንድ ጀሪካን አገኘሁ። ውስጡ ዝገት የመሰለ ውሃ፣ ይሸታል። ደፋሁት። ጀሪካኑን በአሸዋ ፈትጌ ቦታው መለስኩ። ማስታወሻዬ፣ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ውሃ ይዞ ይጓዛል?

ያው ዕለት፣ 5 ሰዓት
ሞተሩ ፈላ። አሰፋ ሮጦ ጀሪካኑን አነሣ። ባዶ። ቀዳዳ ፍለጋ ያገላብጠዋል። ለራዲያተሩ የያዘው ውሃ ነበር። ማንም አልነገረኝም። አልጠየቅሁምም።
ዘይነባ አየችኝ። ጧት ስደፋ አይታለች። ለአሰፋ አልነገረችውም። እኔም አልነገርኩትም።
የምንጠጣውን ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመረው። ጥቂት ሄደን ቱቦው ተቀደደ፤ ሁሉም መሬት ፈሰሰ። ቱቦውን በጎማ ቁራጭ አስሮታል፤ የሚሞላበት ውሃ ግን የለም። የቀረን አንድ ማንቆርቆሪያ ነው። ከኋላችን የሚመጡት የጭነት መኪኖች ከነገ በፊት አይደርሱም።

9 ሰዓት
ማንቆርቆሪያው አልቋል። የቀረችው የአሰፋ ድርሻ፣ አንድ ኩባያ። አልጠጣትም፤ ለእኔ ይዞ መጣ።
«እትዬ፣ ይጠጡ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ጀሪካኑን ማታ ማየት ነበረብኝ።»
ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። በት/ቤታችን ጥፋቱን የደበቀ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውል ነበር። ተነሥቼ ቆምኩ። ነገርኩት።
አሰፋ ጀሪካኑን አንሥቶ ውስጡን አየ።
«አጥበውታል ማለት ነው?»
በአሸዋ፣ አልኩት። ዘይነባ ሳቋ አመለጣት። ኩባያውን መለስኩለት። እኔ ካልጠጣሁ አልጠጣም አለ።

10፡30
አንድ አፋር ሽማግሌ ግመሎቹን እየነዳ መጣ። ዘይነባ የባቲ ልጅ ናት፣ ቋንቋውን ትሞክራለች። የውሃ ጉድጓዱ ሩቅ ነው፤ በግመል ነገ ጧት ያመጣልናል። ጀሪካኑን ወሰደ። እስከዚያ ብሎ የግመል ወተት ቀዳልን።
ዘይነባ ጠጣች። አሰፋ እጁን አልዘረጋም። ዓይኑ እኔ ላይ ነው።
የግመል ወተት። ለክርስቲያን። በዚያ ላይ ረቡዕ።
«አስካለ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ግመሏንም አጥበሽ ነው?»
ከእኔ በፊት አሰፋ አይጠጣም። ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲያ አድርጌ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ኩባያዋም እስካሁን በመካከላችን አለች፤ ሁለታችንም አልነካናትም። ነገ መኪናውን የሚነዳ እሱ ነው።
ለንስሐ አባቴ ራሴ እናገራለሁ፤ ማንም ቀድሞ አይነግርልኝም። የወተቱን ዕቃ ከዘይነባ ተቀበልኩ። መጀመሪያ እኔ፣ ከዚያ እሱ።
ዕቃው መታጠቡን አልጠየቅሁም።