ጨጓራ አይደለም

ሪያድ፣ መንፉሐ
ዐርብ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ

ውድ ሳዲያ፣

በመጀመሪያ ኮምቦልቻ ድረስ የሄደውን ወሬ ላርመው። «ሀቢባ በስተርጅናዋ ጌም ይዛ ሰላቷን ተወች፤ ከቴሌቪዥን ጋር ትላቀሳለች» ተብሎ እንደተነገረሽ ሰምቻለሁ። ሰላቷን ተወች የሚለው ሐሰት ነው። ጌም ይዛ የሚለውም ስህተት ነው፤ መጫወቻውን የያዘችው ልጅሽ ናዲራ ናት፣ እኔ የያዝኩት መነጽሬን ነው። አለቀሰች የሚለው ግን እውነት ነው። ወሬውን ያደረሰችው ጎረቤታችን ሙሉ ናት። እሷ ከእኔ የባሰ ማልቀሷን ግን ለራሷ አስቀርታዋለች።

ይህን ደብዳቤ በሰው አልልከውም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ፤ አንቺ ታነቢዋለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ከአፌ የማይወጣ ነገር ከእጄ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። ደሴ አንድ ዴስክ ላይ በምንቀመጥበት ጊዜ መምህራችን «ሀቢባ፣ በቃል ካቃተሽ ነዪና ሰሌዳው ላይ ጻፊው» ይሉኝ ነበር። ሰሌዳው ላይ ተሳስቼ አላውቅም።

ናዲራ ሱወይዲ ሰፈር ካለው የልብስ ሱቅ ሥራዋ፣ እኔም ሺፋ ሰፈር ካለው ከአሠሪዬ ከዑም ረድዋን ቤት ወጥተን በዚህ ክፍል የምንገናኘው ዐርብ ዐርብ ነው። ሐኪሙ ስለ አንቺ በስልክ ካነጋገራት ወዲህ ልጅሽ ወሬ አታወራም ነበር። አንድ ቀን ያገለገለ የጌም ዕቃ ገዝታ መጣች። እኔ ጌም ሲባል የማውቀው የሥራ ፈቶችን ተኩስ ነው። ይህኛው ተኩስ የለበትም። ሁለት ሴቶች በደረቅ አገር በእግራቸው ይሄዳሉ፤ በየማረፊያው ለመንገደኛ የተቀመጠ የውሃ ጋን አለ፣ እሱን እየሞሉ ያልፋሉ። አንዷ ከጉድጓድ ትቀዳለች፣ አንዷ ታንቆረቁራለች። ጥቁር ሻሽ ያሰረችው በናዲራ አውራ ጣት የምትታዘዘዋ ናት። ቀይ ሻሽ ያሰረችው ባልንጀራዋ ናት። የሚነጋገሩት ከግርጌ በዐረብኛ ይጻፋል፤ እኔ እያነበብኩ ለሙሉ እተረጉምላታለሁ።

«እትዬ ሀቢባ፣ እነዚህማ እርስዎና እትዬ ሳዲያ ናችሁ!» አለች ሙሉ ገና እንዳየቻቸው። አንቺ እዚህ ሳለሽ በዚህ ከተማ ዘመድ የሌላቸው እህቶቻችን ሲሞቱ አንቺ እያጠብሽ፣ እኔ ውሃ እያንቆረቆርኩ እንሸኛቸው እንደነበር ነግሬያታለሁ። እኔም አስቤው ነበር።

መንገዱ ሲጋመስ ቀይዋ መቀመጥ አበዛች። አንድ ካብ ጥላ ሥር እንዳረፈች ባልንጀራዋን ቀና ብላ አየቻትና «እውነቱን ንገሪኝ። ልሞት ነው?» አለቻት። ጨዋታው ቆመ። ከግርጌ ሁለት ምርጫ መጣ፦ አንዱ «አዎ» ይላል፣ ሁለተኛው «ወሬ ለውጪ»።

ስተረጉምላት ሙሉ ከፍራሹ ተነሣች።

«አዎ ልትያት? ወላዲተ አምላክ! ለበሽተኛ እንደሱ ይባላል?»

«አልልም፣ አልልም» አለች ናዲራ።

«ስለ ዝናብ አውሪያት! ያላ፣ ቶሎ በይ፣ እያየችሽ ነው!»

እኔም «ለውጪ» አልኩ። እኛ ለታመመ ሰው ሞቱን አንነግርም፤ ለደህና ሰው መርዶ እንኳ ስናረዳ ጎረቤት ሰብስበን ነው። በዚህ ደንብ ያደግን ሦስት ሴቶች ሳንመካከር አንድ ቃል ተናገርን። ናዲራ ተጫነችው።

ጥቁሯ ስለ ደመናው አወራች። ቀይዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት፣ ፈገግ አለች፣ «እሺ» አለች። ሌላ አልጠየቀችም። ሲነጋ ቦታዋ ባዶ ነበር፤ ሻሿን አጣጥፋ ድንጋዩ ላይ አኑራዋለች። ናዲራ መንገዱን ሁሉ አዳርሳ ፈለገቻት። ብቻዋን ሞታ የማያውቋት ሰዎች ቀብረዋት አገኘን። የመጨረሻውን ጉድጓድ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች፤ የመጨረሻው ጋን ባዶውን ቀረ።

«ምን አድርጌያት ነው?» አለች ናዲራ። «ደህና ነገር እኮ ነው የነገርኳት።»

«ጌም ነው እቴ፣ ኸላስ፣ አጥፊው» አለች ሙሉ፤ በነጠላዋ ጫፍ ግን ዓይኗን ትጠርግ ነበር።

እኔ ሳምንቱን ሙሉ ሳስበው ሰነበትኩ። ፊልም ቢሆን ሌላ ሰው በሠራው ነገር አዝኜ እረሳው ነበር። ይህ ያልተረሳኝ ጣቱ የእኛ ስለሆነ ነው። «ለውጪ» ያልነው እኛ ነን። የሴትዮዋ «እሺ» አልለቀቀኝም፤ የት እንደሰማሁት የገባኝ የዑም ረድዋንን ልብስ ሳጥፍ ነው። ካንቺ ነበር የሰማሁት።

ሳዲያ፣ ሕመምሽ ጨጓራ አይደለም። ጉበትሽ ላይ ያለ ካንሰር ነው። ሐኪሙ በሕክምና የሚመለስበትን ጊዜ አልፏል ብሎ ለናዲራ ነግሯታል። በርበሬ ተዪ፣ ተልባ ጠጪ፣ ጭንቀት ነው እያልን የከበብንሽ ሰዎች ሁሉ ይህን እናውቃለን። ባለፈው በስልክ «ሀቢባ፣ ዓይኔ እንደ እርድ ሆነ፤ ይሄም የጨጓራ ነው?» አልሽኝ። እኔ ስለ ዑም ረድዋን ጉልበት አወራሁልሽ። አንቺም እስከ መጨረሻው ሰማሽኝና «እሺ» አልሽ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሽኝም። ዓይናቸው እንደ እርድ የሆነ ስንት ሴቶች በእጅሽ አጥበሻል! ማንን ነው የምናታልለው?

በሚቀጥለው ዐርብ ናዲራ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ጀመረችው። ካቡ ዘንድ ሲደርሱ መጫወቻውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«አክስቴ፣ አዎ ስላት ያኔውኑ ብትሞትብኝስ?»

«ስላልሽ አይደለም የምትሞተው። ሳትዪም ሞታለች፤ አይተሻል።»

«እማዬን ነው የምልሽ።»

«እኔም እሷን ነው የምልሽ» አልኳት።

ናዲራ «አዎ» የሚለውን ተጫነች። ቀይዋ ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች፤ እኔ በልቤ አጠፋን ብዬ ነበር። ቆይታ «በይ ደግፊኝ፤ ጉድጓዱን ላሳይሽ» አለች። እየሄዱ ጫማዋን ለተጣላቻት ሴት እንድታደርስላት አደራ ሰጠቻት። ራሷን ወዴት አድርጋ መተኛት እንደምትፈልግ ነገረቻት። አንድ ነገር ብቻ እንደምትፈራ፣ እሱም ምን እንደሆነ ነገረቻት። መጨረሻ ላይ ሻሿን ፈትታ ሰጠቻትና «እንዳታስሪው ብቻ፤ ቀይ አያምርብሽም» አለቻት። ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ያለቀስኩት እዚህ ላይ ነው። ወሬኞች ስትሞት አለቀሰች ብለው ከሆነ ይህም ይታረም።

አልዳነችም፣ ሳዲያ። ባልንጀራዋ ጭን ላይ ነው የሞተችው። ጋኑ ሙሉ ነበር።

አንቺ አውፍ፣ ይቅር የምትባባዪው ወንድም አለሽ። በአባታችሁ ግቢ ከተጣላችሁ ወዲህ በሩ ፊት ለፊትሽ እያለ ሰላም አትባባሉም። ጨጓራ ያመመው ሰው ለእርቅ አይቸኩልም። እኛ ጨጓራ ባልንሽ ቁጥር የምንወስድብሽ ይህን ጊዜ ነው። ለናዲራም የምትነግሪያት ይኖርሻል፤ እኔንም የምትቆጪበት አይጠፋሽም። ይህን ሁሉ ለማዘዝ ማወቅ አለብሽ። የነገርኩሽ አላህ የሚያደርገውን አውቄ አይደለም፤ ዕድሜ የሱ ነው። ሐኪሙ ያለውን ግን ከእኔ ይልቅ አንቺ የማወቅ መብት አለሽ።

ልትቆጪ ትችያለሽ። ደብዳቤውን ልትወረውሪብኝም ትችያለሽ፤ አንስቼ አጣጥፌ እንደገና እቀመጣለሁ።

የመጣሁት ለመንገር ብቻ አይደለም። ያኔ ከሬሳ ማጠቢያው ስንመለስ፣ እጃችን ገና የካፉር ሽታ እያለው፣ «ከሁለታችን የቀረችው የቀደመችውን ታጥባለች፤ ባዕድ እጅ አይንካን» ተባብለናል። ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ውሌ ባለፈው ወር አልቋል፤ አላደስኩትም። ኹሩጅ ኒሃኢ፣ የማይመለሱበትን መውጫ፣ እጠይቃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ሌላ ቪዛ እንደማይወጣልኝ፣ ደመወዝም የሚባል ነገር እንደሚያበቃ አውቃለሁ። ቆጥሬው አይደለም የምመጣው።

ናዲራን ያስመጣት ካፊል ውሏ ሳያልቅ አልለቅም ብሏታል። እስከ ትናንት ድረስ «እንዳትነግሪያት» ብላ ታስምለኝ ነበር። ዛሬ ሻንጣዬን ስታይ እንዲህ አለችኝ፤ «ሂጂ። እኔ በስልክ አልችልም። ስትነግሪያት ግን በካሜራ አስገቢኝ፤ አልደበቅም።» ስለዚህ ይህን መስመር እያነበብሽ ከሆነ ስልኩ ትራስሽ ላይ ነው፣ ልጅሽም እያየችሽ ነው። ቀና በይላት።

ሙሉ ደግሞ «እኔ ናዲራን አያታለሁ፣ እርስዎ ይሂዱ። ወሬውንም ያወራሁት እኔ ነኝ ይበሏትና አውፍ ያስብሉኝ» ብላለች። አውፍ በያት፤ ወሬ ነው እንጂ ክፋት የለባትም።

ከዚህ በታች ነገ የምለው ቀን አንቺ ስታነቢው አልፏል። ያልፈጸምኩት ካለ ፊት ለፊት ጠይቂኝ።

ነገ መጀመሪያ ሱብሂ ሰግጄ ሺፋ እሄዳለሁ። ለዑም ረድዋን ከሻይዋ በፊት ቆሜ እነግራታለሁ፤ ከተቀመጥኩ በለሰለሰ ቃል ታስቀረኛለች። ልጇ ረድዋን በስልኩ የመውጫ ፈቃዱን እስኪያወጣልኝ ከፊቱ አልነሣም። ከዚያ በሱወይዲ ገበያ አልፌ አንቺ ትመርጪው የነበረውን ዓይነት ነጭ የከፈን ጨርቅ እገዛለሁ፤ ለሁለታችንም የሚሆን። ከዚያ እደውልልሻለሁ። ተልባ ጠጣሽ ወይ አልልሽም። እየመጣሁ ነው እልሽና ስልኩን እዘጋለሁ። ይህን አንብበሽ ስትጨርሺ ግን የዚያን ቀን በስልክ የጠየቅሽኝን ፊት ለፊት እንደገና ጠይቂኝ፤ ወሬ አልለውጥም።

ውሃ አንቆርቋሪሽ
ሀቢባ