ሳልጠየቅ ስለሰጠሁት ሁለተኛ መልስ

ቀን፦ ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቆሰበር
አየሩ፦ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ፤ አሁን ካፊያና ጉም
የተገኙ፦ ጸሐፊዋ
ያልተገኙ፦ ሌሎቹ ሁሉ

ለተከበሩ ዶክተር ይሄይስ በዛብህ
የአብሮነት ማኅበራዊ ጥናት ማዕከል ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎንም፣ ቤተሰብዎንም፣ መላውን የማዕከሉን ባልደረቦች በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ከልብ እመኛለሁ። የእኔን ጤንነት የጠየቁ እንደሆነ፣ ከእናንተው መጽሔት እንዳነበብሁት እጅግ ደህና ነኝ።

በዞናችን ብቻቸውን ስለሚኖሩ ሴቶች ያካሄዳችሁት ጥናት በአዳራሽ በቀረበ ዕለት የታደለችው መጽሔት እኔም ዘንድ ደርሳለች። ያመጣልኝ ያኔ መረጃ ሰብሳቢያችሁን በየቤቱ ሲመራ የነበረው የቀበሌያችን ሰው አቶ ይሄነው ነው፤ “ፎቶሽ ወጥቷል፣ ታድለሽ” ብሎ ደጃፌ ላይ ሰጥቶኝ ሄደ። እውነትም ወጥቷል። ከሥሩም “ብቻቸውን ቢኖሩም ብቸኝነትን የማያውቁት ወ/ሮ ሰርክአዲስ አድማሴ” ይላል። ስለ ራሴ የማላውቀውን ስላሳወቃችሁኝ ባለዕዳ ሆኜ መቅረት አልፈልግምና፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ትዕዛዙ የተባለውን መረጃ ሰብሳቢያችሁን ባለፈው ጥር ቤቴ ድረስ ስለላካችሁልኝ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ለእኔ ብሎ በሬን ያንኳኳ እንግዳ እሱ ብቻ ነበር። ስለ እንቅልፌ፣ ስለ ምግቤ፣ ስለ ዘመዶቼ ጠየቀኝ፤ እስክጨርስም ሳያቋርጠኝ አዳመጠኝ። ይሁን እንጂ በእኛ አገር ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት እንግዳ ወንድ ሲገባ ጎረቤት መጥታ አብራ ትቀመጣለች። ይህ ክፋት የለበትም፤ ሰው እንዳያማኝ የሚደረግልኝ ውለታ ነው። ስለዚህ ጎረቤቴ ያለምወርቅ ልጇን እንዳዘለች መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ይሄነውም በሩን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ትዕዛዙ በዚህ መካከል ነው “ሰው የሚናፍቅዎት ጊዜ አለ? ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ ወይስ ፈጽሞ?” ብሎ የጠየቀኝ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ያለምወርቅ፣ “ልጄ፣ እኛ እያለን ደግሞ የምን ናፍቆት ነው? የእኔ ዶሮዎች እንኳ ውለው የሚገቡት እሷ ቤት ነው” አለችው። ሁላችንም ሳቅን። ያለምወርቅ ስታመም ከልጆቿ ወጥ ቀንሳ ያመጣችልኝ ሴት ናት። በእሷ ፊት “ሁልጊዜ” ብሎ መመለስ፣ ጎረቤት የለኝም ብሎ ፊት ለፊት መስደብ ነው። “ፈጽሞ” አልሁ። ትዕዛዙም እየሳቀ ምልክት አደረገ። ብቸኝነቷን ጎረቤቷ በተቀመጠችበት የምትናገር ሴት በዞናችን አለመኖሯን ለማረጋገጥ ይህን ያህል መድከማችሁ የሚያስመሰግን ነው።

ሁለተኛ፤ ከሁሉ በላይ የማመሰግናችሁ ስለ ቀጠሮው ነው። ትዕዛዙ ሲነሣ፣ “እትዬ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሼ እነዚህኑ ጥያቄዎች እደግምልዎታለሁ። አንዴ የተባለ ነገር ሲደገም ያው ሆኖ መገኘት አለበት፤ ጥናት የሚታመነው እንዲህ ነው” አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ተመልሶ መምጣትን ግዴታ ያደረገ ሥራ በዓለም ላይ መኖሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። የተማረ ሰው መሆን ምን ያህል መልካም ነው ብዬ አሰብሁ።

እናም ለሁለተኛው ቀን ተዘጋጀሁ። በዚያን ጊዜ ማንም አጠገቤ እንዳይኖር አድርጌ እውነቱን ልነግረው ቆረጥሁ። ጨውና ክብሪት በአንድ ቀን ገዝቼ እንደማላውቅ፣ አንዱን ዛሬ ሌላውን ነገ የምገዛው ወደ ራሂማ ሱቅ የምመለስበት ምክንያት እንዳላጣ መሆኑን ልነግረው ነበር። ራዲዮኑን የምከፍተው ለወሬው ሳይሆን ለድምፁ እንደሆነ ልነግረው ነበር። ያለምወርቅ እንዳትመጣም “አክስቴን ልጠይቅ ዳንግላ እሄዳለሁ” አልኋትና፣ ሳልሄድ እቤቴ ተቀመጥሁ። ጭስ እንዳይታይብኝ እሳት አላነደድሁም፤ በሶ እየበጠበጥሁ ጠጣሁ። ራዲዮኑንም ዘጋሁ። የእግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ በሩ እቀርብ ነበር፤ ኮቴው ያልፋል። ዝናብ አግዶት ይሆናል እንዳልል ወሩ ደረቅ ነው። መጨረሻ ላይ ከዳንግላ የተመለስሁ መስዬ ወጣሁ። ያለምወርቅ ስለ ገበያው ስትጠይቀኝ፣ ጋሪው በዝቶ መንገዱ ተጨናንቆ እንደነበር ዘርዝሬ ነገርኋት። ያላየሁትን በመዘርዘር ከእናንተ አላንስም ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእኔ በአዳራሽ አለመቅረቡ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ መጽሔቷ ጥራት አመሰግናለሁ። እኔ የተማርሁ ሴት አይደለሁም። ፊደል የቆጠርሁት ልጅ ሳለሁ በመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያነበብሁት ራሂማ ስኳርና ምስር የምትጠቀልልበትን ወረቀት ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ የማውቀው ወይ መጀመሪያው፣ ወይ መጨረሻው ተቀዶ ነው። የእናንተዋ ግን ከሽፋን እስከ ሽፋን ሙሉ በመሆኗ ደስ ብሎኝ ደጋግሜ አነበብኋት። እንዲህ የሚል ቦታም አገኘሁ፦ “ጥያቄዎቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለተሳታፊዎቹ በድጋሚ ቀርበው የተሰጡት መልሶች ከመጀመሪያዎቹ ጋር ሙሉ በሙሉ ተመሳስለዋል።” የተቀደደ ወረቀት ማንበብ የለመደ ሰው የጎደለውን ከዳሩ ያውቃል፤ የእናንተ ወረቀት ግን ዳሩ ሁሉ እንዴት ያምራል። እኔ እሳት ሳላነድ የጠበቅሁት ሰው መጥቶ፣ ጠይቆኝ፣ መልሴን ይዞ መሄዱን ስላበሠራችሁኝ ምን ልበል? ሳልነቃ ቀርቼ ይሆናል።

ስለዚህ ጉዳይ ትዕዛዙን ብቻ ጠርታችሁ እንዳትቆጡት አደራ እላለሁ። ጥሩ አድማጭ ነበር። የተመሳሰለው መልስ ሁሉ ጠረጴዛቸው ላይ ሲደርስ፣ አንዲት ሴት እንኳ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሐሳቧን አለመለወጧ ያልገረማቸው ባለ ብዙ ማዕረግ ሰዎች አሉና፣ ምስጋናው ለእነሱም ይዳረስ።

አራተኛ፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶች ቀን ቀን የሚሰባሰቡበት አንድ ክፍል በከተማችን ይከፈታል ተብሎ ታስቦ ነበር። መጽሔታችሁ በመጨረሻው ገጽ “በአካባቢው ብቸኝነት ያልታየ በመሆኑ ክፍሉ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም” ስላለች ሐሳቡ ቀርቷል። ክፍሉ ተከፍቶ ቢሆን፣ ናፍቆት የሌለብን ሴቶች ወንበር አጣብበን በተቀመጥን ነበር።

አምስተኛ፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ “የተሳታፊዎች ማንነት በምስጢር ይጠበቃል” ብላችሁ፣ ከፎቶዬ ሥር ስሜን ከነአባቴ በደማቅ ፊደል ስለጻፋችሁት አመሰግናለሁ። ከብዙ ጊዜ ወዲህ ሙሉ ስሜን ተጽፎ አየሁት።

ከታላቅነትዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰው መልስ ሲደገም ያው መሆኑን ማወቅ የምር የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ፣ ሰው ላኩና ድገሙት። ቤቴን ይሄነው ያውቀዋል። የሚመጣው ሰው ሴት ትሁን፤ ያኔ ጎረቤት መቀመጥ አያስፈልግም። ቀኑን አስቀድማችሁ ባትነግሩኝም ግድ የለም፣ አለሁ።

በጥናታችሁ መሠረት ማንንም ከማትናፍቅ ሴት፣ ከላቀ ናፍቆትና ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣

ሰርክአዲስ አድማሴ
(ባለፎቶዋ)

ግልባጭ፦
ለራሂማ ሱቅ መስኮት
ለአቶ ይሄነው
ለአቶ ትዕዛዙ፣ ባለበት

ድኅረ ማስታወሻ፦ ሰኔ 10 ቀን፣ ጠዋት። ዝናቡ አባርቷል። ያለምወርቅ ይህን ከሱቅ መስኮት ላይ እንዳትሰማው ብዬ፣ ግልባጩን ከመለጠፌ በፊት ወደ ቤቷ ይዤው ሄድሁ። ባለቤቷ ወጥቷል፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው፣ ትንሹ ተኝቷል። አስቀድሜ ዳንግላ አለመሄዴን ነገርኋት። “አውቃለሁ፤ በግድግዳው ሳልሽን እሰማ ነበር። ሰው ማየት ያልፈለግሽ መስሎኝ ነው የተውሁሽ” አለችኝ። ደብዳቤውን አነበብሁላት። ከዚያ እንደ ትዕዛዙ አድርጌ፣ ባልና ልጆች ሞልተውት በሚያድሩበት ቤት ተቀምጬ፣ “ሰው የሚናፍቅሽ ጊዜ አለ? ሁልጊዜ፣ አልፎ አልፎ፣ ወይስ ፈጽሞ?” ብዬ ጠየቅኋት። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ወደ ደጅ አየች፣ ተነሥታ በሩን ዘጋችው፣ ተመልሳም አጠገቤ ተቀመጠች። መልሷን ለማዕከላችሁ አልጽፍም። በምስጢር ይጠበቃል ብላችሁ የሰጣችሁትን ቃል ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ ሊጠብቀው ይገባል ብዬ ነው። ከዚያ ወደ ራሂማ ሱቅ ሄድሁ፤ ግልባጩን በመስኮቱ ላይ ለጠፍሁ፤ ጨው ገዛሁ። ክብሪቱን ለነገ አቆየሁት።