ረስታችኋል ተብለን ከማስታወስ ልምምድ ስለመሰረዛችን

ቀን፦ ጥቅምት 21

ለተሃድሶ ሕክምና ማዕከል ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለፓርኪንሰን ሕሙማን ይሰጥ የነበረው የአእምሮ ልምምድ እንዲመለስልን ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት በአራሚነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ፓርኪንሰን ከያዘኝም አምስት ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። የእጄን መንቀጥቀጥ ሁሉም ያየዋል። የማይታየው፣ የነገር ቅደም ተከተል እየጠፋብኝ መምጣቱ ነበር። ባዶ ድስት እሳት ላይ ጥጄ፣ ውሃውን በእጄ እንደያዝኩ፣ ቀጥሎ ምን እንደማደርግ ግራ ገብቶኝ እቆማለሁ። ባለቤቴ እየተከተለችኝ ምድጃ ማጥፋት ሥራዋ ሆኖ ነበር።

1. ማዕከልዎ ማክሰኞና ሐሙስ የአእምሮ ልምምድ ሲጀምር ስምንት ሰዎች ተመዘገብን። አሰልጣኛችን በመጀመሪያው ቀን፣ “ይህ በሽታውን አያድንም፤ አብሮት ለመኖር ግን ሊያግዝ ይችላል” ስትል እቅጩን ነገረችን። ካርድ በቅደም ተከተል እንደረድራለን፤ የገበያ ዝርዝር በቃላችን እንይዛለን፤ እየተራመድን ከመቶ ወደ ታች ሰባት ሰባት እየቀነስን እንቆጥራለን። በሦስተኛው ወር ባለቤቴ ወገቧን አሟት ስትተኛ ሾርባ ሠርቼ አቀረብኩላት። ጨው በዝቶበታል። ምድጃውን ያጠፋሁት ግን እኔ ነበርኩ። እሷም ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው።

2. መስከረም 28 ቀን ስምንታችንም ተሰረዝን። ምክንያቱ፣ የምዝገባ ማደሻውን ቀን “በዝንጋታ” ማሳለፋችን ነው። ይረሳሉ ተብለን ተመዘገብን፤ ረሱ ተብለን ተባረርን። በሥራ ዘመኔ አንድ ደራሲ ይህን ጽፎ ቢያመጣልኝ፣ ኅዳጉ ላይ “አይታመንም” ብዬ እመልስለት ነበር። ዝንጉነታችንን የሚያስረዳው የስረዛ ደብዳቤ የተጻፈው ኅዳር 3 ቀን ነው ይላል፤ ኅዳር ገና አልገባም። የበሽታችንም ስም በአንድ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፏል። በቀይ አርሜ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።

3. እውነቱ ግን ቀኑን አልረሳነውም፤ አልተነገረንም። ልምምዱ ምድር ቤት ነው፤ ማስታወቂያው የተለጠፈው ሦስተኛ ፎቅ። አሳንሰሩ ከሐምሌ ጀምሮ ቆሟል። ስረዛውን ለመቃወም ደረጃውን በባለቤቴ ክንድ ተደግፌ ስወጣ፣ የምዝገባ ቢሮው ደፍ ላይ እግሬ መሬት ላይ እንደተሰፋ ቀጥ አለ፤ የእኛ በሽታ በር አይወድም። ጸሐፊው ከወንበሩ ሳይነሳ፣ “አባባ፣ ይግቡ ወይም ይውጡ፤ ብርድ እያስገቡ ነው” አለኝ።

4. እንደምንም ገብቼ ማመልከቻ ስፈርም፣ “ይሄ ፊርማ ፋይሉ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም፤ እርስዎ መሆንዎን የሚያረጋግጥ ሰው ያምጡ” ተባልኩ። ፓርኪንሰን ጽሕፈትን እንደሚያሳንስ ለማዕከሉ የማስረዳው እኔ ሆንኩ። ባለቤቴ፣ “ልጄ፣ አርባ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ፤ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እስካሁን አውቅ ነበር” አለችው። ከባለቤት ምስክርነት እንደማይቀበል በትሕትና ነገረን። ማመልከቻውም ሳይገባ ቀረ።

5. ዛሬ ክፍላችን የተሰበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ ሆኗል። አሰልጣኛችን ወደ መዝገብ ክፍል ተዛውራ ፋይል ትደረድራለች። ከመካከላችን አንዱ የቀድሞ ልብስ ሰፊ ነው። ለወራት ከቤት አልወጣም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ በዚህ ልምምድ የተነሳ እንደገና ከሰው ጋር መጨዋወት ጀምሮ ነበር። አሁንም ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ ጫማውን አስሮ፣ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። ሴት ልጁ “አባዬ፣ ዛሬ የለም” ትለዋለች። “ለምን?” ይላታል።

ስለዚህ ስረዛው ተነሥቶ፣ ክፍሉና አሰልጣኛችን እንዲመለሱልን፣ የማደሻ ቀንም በስልክ እንዲነገረን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ይህ የማይቻል ከሆነ፣ በመጪው ማክሰኞ ጠዋት ክቡርነትዎ እዚያ ደጃፍ ድረስ ሄደው ምክንያቱን ለልብስ ሰፊው ራስዎ ያስረዱልኝ። አድራሻውን ከጀርባ ጽፌአለሁ።

ከማይጓደል አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

ጡረተኛው አራሚ
(ፊርማ)