ሐጂራ የተሻገረችው ገመድ

ሸዋ ሮቢት፣ ጥር ፲፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.
ዛሬ ጠዋት የገባ፦ ሦስት ጭነት ጥጥ። የወጣ፦ የለም።

ለተከበሩ ጋሼ፣

እንደምን ሰነበቱ? የዚያ ጋራ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ጉልበትዎስ ተሻለው? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ደህና ነን። ታናሽ ወንድምዎ ደምሴም ደህና ነው፤ ከመንገድ ሥራው ሲመለስ ራቱን እናቴ ዘንድ ይበላል።

ዛሬ ምንም ያልወጣበትን ምክንያት ልንገርዎ።

ትናንት እሑድ የመንገድ ሥራው የጣልያን ሹም ኳስ አስጫወተ። ሠራተኞቹን ለሁለት ከፍሎ እስላሙን ከክርስቲያኑ አጋጠመ። ተመልካቹንም በገመድ ለይቶ፣ ሁሉም ለሃይማኖቱ ብቻ እንዲጮህ በአስተርጓሚ አስነገረ። ሊያባላን እንደሆነ የገባው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ደምሴ በክርስቲያኖቹ በኩል ግብ ጠባቂ ነበር። አንድ ከባድ ኳስ በደረቱ ሲመልስ፣ ከእስላሞቹ መካከል እናቴ ሐጂራ ብድግ ብላ እልል አለች። የእኛ አጥቂ አሊዩ ሜዳው ላይ ቆሞ፣ እትዬ ሐጂራ፣ ኧረ እኛ ነን ወገንዎ ቢላት ሰው ሁሉ ሳቀ። ሹሙ ግን አልሳቀም። አስተርጓሚው መጥቶ የማን ደጋፊ እንደሆነች ጠየቃት። እሷም፣ እናቱ ሞታበት ያጠባሁት ልጅ እዚያ ቆሟል፣ ጡቴን በገመድ አልከፍልም አለችው። ገመዱን ከፍ አድርጋ ተሻገረችና ክርስቲያኖቹ መካከል ተቀመጠች።

ሹሙ ወደ እኔ ዞረ። እናቴን እንድመልሳት፣ ካልሆነ የይለፍ ወረቀቴን እንዳስረክብ አዘዘኝ። ያ ወረቀት በየኬላው ምን ምን እንዳሳለፈ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ነጋዴ ነኝና አሰብኩበት። እናቴን ከዚያ ባስነሣት፣ ከዚያ ወዲያ ገበያውም በገመድ ይከፈላል። ወረቀቱን ሰጥቼ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ሹሙ እፊቴ ቀደደው። ከኋላዬ ከአሊዩ አምባ ከተማ የመጡ ነጋዴዎች አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ተሻገሩ። የሁሉን ወረቀት ቀዶ ስለማይዘልቀው፣ ሹሙ ጨዋታው ይቀጥል አለ።

ደምሴ ሁለት ግብ ገባበት። እናቴ ለሁለቱም እልል አለች። ምነው ብላት፣ ያገባውም የጎረቤቴ ልጅ ነው አለችኝ። እኔ አስልቼ ተሻገርኩ፤ እሷ አላሰላችም። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አላየሁም።

አላህ እርስዎንም አብረውዎት ያሉትንም ከክፉ ይሰውራችሁ። እናቴ ጉልበትዎን ትስማለች።

የደምሴ የጡት ወንድም

ነገ፦ ጨውና ክብሪቱን አዝዬ ኬላ በሌለበት በፍየል መንገዱ ወደ ማጀቴ ጋራ እወጣለሁ። ከሾላው ሥር ከሰዎችዎ አንዱ ይጠብቀኝ።